አራቱ ፊደላት በረምዚያ ቤት

በመካነ ሰላም ከገበያው ወደ መስጊዱ በሚያወጣው መንገድ ከሰዓት በኋላ ያለፈ ሰው ሁለት ድምፅ አንድ ላይ ይሰማል። አንደኛው የልብስ ስፌት መኪና ነው። ሌላው የልጆች ጩኸት ነው። ጩኸቱ ቁርኣን የሚቀራበት ዜማ አለው፤ ቃሉ ግን እንግሊዝኛ ነው። እንግዳ ከሆነ ቆሞ ያዳምጥና ግራ ይገባዋል። የሰፈሩ ሰው ግን ለምዶታል፤ «የረምዚያ ልጆች ናቸው» ብሎ ያልፋል።

ረምዚያ ይማም አርባ ሦስት ዓመቷ ነው። የተማሪዎች ደንብ ልብስ ትሰፋለች። አባቷ ሼህ ይማም ዕድሜ ልካቸውን ቁርኣን ያቀሩ ሰው ናቸው፤ እሷም ከወንድሞቿ እኩል ከፊታቸው ተቀምጣ፣ ሉህ በሚባለው የእንጨት ሰሌዳ ላይ በጥላሸት ቀለም እየጻፈች አደገች። ሉህ ላይ የተጻፈው በቃል ካልተያዘ አይታጠብም፤ ካልታጠበም አዲስ አይጻፍበትም። ከአባቷ የወረሰችው ትልቁ ነገር ጆሮዋ ነው። ሃያ ልጅ ሃያ የተለያየ ነገር በአንድ ጊዜ ሲጮኽ የትኛው ልጅ የቱ ጋ እንደሳተ ትለያለች። አባቷ ልጅ ሲሳሳት በያዙት መቃ መሬቱን ነካ ያደርጋሉ። እሷ ደግሞ የስፌት መኪናዋን መርገጥ ታቆማለች። መኪናው ዝም ሲል ልጆቹ ሁሉ ዝም ይላሉ፤ «ማነው? እኔ ነኝ?» እያሉ እርስ በርስ ይተያያሉ።

«ኸባብ» ትላለች ከጨርቁ ላይ ቀና ሳትል። ኸባብም ከሳተበት ያነሳል፤ መኪናውም መንቀሳቀስ ይጀምራል።

እንግሊዝኛውን ወደዚህ ቤት ያመጣው ባሏ ሙጀሂድ ነው። ሙጀሂድ ሾፌር ነበር፤ መጀመሪያ በአይሱዙ ደሴ፣ በኋላም በተሳቢ ጅቡቲ ይመላለስ ነበር። ወደብ ላይ ተራ ሲጠብቅ ሦስት አራት ቀን ይቆያል። ሌሎቹ ካርታ ሲጫወቱ እሱ ከኮንቴነር ላይ የእንግሊዝኛ ቃል ይገለብጣል። ከሰባተኛ ክፍል ያቋረጠ ሰው ነውና ቃል የሚሰበስብበትን መንገድ ለራሱ ፈጠረ። በገጹ ራስ ላይ ጥቂት ፊደላት ይጽፋል፤ እነዚያን ፊደላት አንድ ላይ የያዘ ቃል ባገኘ ቁጥር ከሥራቸው ያስገባል። «ዘመዳሞቹን አንድ ቤት አስገባኋቸው» ይል ነበር።

ከሁሉ የረዘመው ገጽ አይ፣ ጂ፣ ኤች፣ ቲ የሚባሉት አራቱ ፊደላት ያሉበት ነው። ላይት ማለት ብርሃን፣ ራይት ማለት ቀኝ፣ ታይት ማለት ጥብቅ፤ እነዚህን ያገኛቸው ከመኪናው ላይ ነው። ዌይት ክብደት፣ ሃይት ቁመት፣ ፍሬይት ጭነት፤ እነዚህ የወደቡ ናቸው። ናይትና ፋይት ከየት እንደመጡ አይታወቅም። ረምዚያ «ፋይትን እንኳ ከረዳትህ ጋር ስትጣላ ነው ያገኘኸው» እያለች ታሾፍበት ነበር።

ቤት በገባ ቁጥር ደብተሩን ያነብላታል፤ እሷም እየሰፋች ከኋላው ትከተላለች። አሥረኛ ክፍል ስትፈተን የጣላት እንግሊዝኛ ነበር። በባሏ ደብተር ግን ሰተት ብሎ ገባላት።

ሙጀሂድ ደሴ ታሞ እንደተኛ አልተመለሰም። ሦስት ዓመት ሆነው። ጓደኞቹ ከጋቢናው ሰብስበው ያመጡላት ጃኬቱን፣ ፎጣውንና ደብተሩን ነበር። ጃኬቱን ለወንድሙ ሰጠች። ደብተሩን የስፌት መኪናዋ መሳቢያ ውስጥ አኖረችው።

ያን ዓመት ትምህርት ተቋርጦ ነበርና የሰፈሩ ልጆች ቀኑን ሙሉ መንገድ ላይ ይውሉ ነበር። ረምዚያ ሙጀሂድ ጎማና መለዋወጫ ያስቀምጥበት የነበረውን የቆርቆሮ ቤት ከፈተችና አራት ልጅ አስገባች። ልጆቹ ጎማው ላይ ተቀመጡ። ከአባቷ አሮጌ ሉሆች ተዋሰች። አንድ ሉህ ላይ አንድ የቃላት ቤተሰብ ይጻፋል፤ ልጁ በቃሉ ይይዛል፤ ረቡዕ ይታጠባል፤ በማግሥቱ ሌላ ቤተሰብ ይገባል። ሌላ ማስተማሪያ መንገድ አታውቅም፤ መፈለግም አላስፈለጋትም። ዛሬ ልጆቹ ሃያ ሦስት ሆነዋል፤ እስላሙም ክርስቲያኑም አለበት። ሉሁን ሲያጥቡ ውሃውን እግር በማይረግጠው ቦታ፣ ከግራዋው ሥር ይደፉታል። ማንም አላዘዛቸውም። የቁርኣኑ ሉህ ውሃ እንደዚያ ስለሚደፋ ነው። ሼህ ይማም አንድ ቀን ይህን አይተው ሳቁና «ተያቸው፤ ፊደል ፊደል ነው» አሏት።

ጎረቤቷ እናኑ ልጇን ፍቅርአዲስን የላከች ሰሞን በአጥሩ ላይ ተንጠልጥላ እንዲህ አለቻት፦

«አንቺ ረምዚያ፣ ልጄ እንግሊዝኛውን እንደ ቁርኣን ታወርደው ጀመር እኮ! እሁድ ቤተ ክርስቲያን አፏ ስቶ ብታወርደው ምን ይውጠኛል?»

«ምን ይውጥሻል? ቄሱም ይማሩበታላ!»

«ወላሂ አንቺስ ጉድ ነሽ» አለች እናኑ፤ ወላሂ ማለት ከእስላም ጎረቤቶቿ ከለመደችው ቆይቷል።

ባለፈው ጥቅምት፣ ረቡዕ ቀን፣ አንድ ሰው ሞተር ሳይክሉን ደጅ አቁሞ ገባ። አቶ ይሄነው ይባላል፤ የወግዲ ሰው ነው፤ የትምህርት ሱፐርቫይዘር ሆኖ ወደ ከተማው ከመጣ ገና ሁለት ወሩ ነው። ፈቃድ የሌላት ሴት ልጆች ሰብስባ ታስተምራለች የሚል ወሬ ደርሶታል። ነገር የሚያዞር ሰው አይደለም።

«ወይዘሮ ረምዚያ፣ እዚህ ያለው ትምህርት ከሆነ በማጠናከሪያ ትምህርት ተመዝግቦ ይቀጥላል። ካልሆነ ይዘጋል። የምጽፈው በዓይኔ ያየሁትን ነው።»

«ደግ። ይመልከቱ» አለች ረምዚያ። አልደነገጠችም። የምታውቀውን ሥራ ነበር የምትሠራው።

«ደብተራቸው የት አለ?»

«ደብተር የላቸውም። በሉህ ነው የሚማሩት።»

አቶ ይሄነው ግድግዳውን ተደግፈው ፀሐይ የሚሞቁትን ሉሆች አየ። «ባዶ ናቸውሳ።»

«ታጥበው ነዋ። የታጠቡት ስለተያዙ ነው። ያለው ልጆቹ ጋ ነው፤ ብርሃን፣ ክብደት፣ ቁመት የመሳሰሉትን ይጠይቋቸው።»

ፊት ለፊት የተቀመጠችው ፍቅርአዲስ ነበረች፤ አሥራ አንድ ዓመቷ ነው።

«ክብደት በእንግሊዝኛ ምንድን ነው?» አላት።

ፍቅርአዲስ ዓይኗን ጨፈነች። ወዝወዝ ማለት ጀመረች። «ላይት ብርሃን፣ ራይት ቀኝ፣ ታይት ጥብቅ፣ ናይት ሌሊት፣ ፋይት ጠብ፣ ዌይት ክብደት!»

«ጎበዝ። ቁመትስ?»

«ላይት ብርሃን፣ ራይት ቀኝ…»

«ቆይ፣ ቆይ። ከብርሃን ሳትነሺ ንገሪኝ።»

ልጅቱ አፏን ከፈተች፤ ምንም አልወጣም። እንደገና ዓይኗን ጨፈነች። አቶ ይሄነው ወደ ኸባብ ዞረ። ኸባብ ብልጥ ነው፤ ጭንቅላቱን ደፍቶ ትንሽ ቆየና «ሃይት!» አለ።

«ከንፈርህ ሲሮጥ አይቼዋለሁ። ከላይት ነው የተነሣኸው።»

«ቶሎ ነው ግን የደረስኩት፣ ጋሼ» አለ ኸባብ። ልጆቹ በሳቅ ወደቁ።

አቶ ይሄነው አልሳቀም። ወደ ረምዚያ ዞሮ በቀስታ ተናገረ። «ወይዘሮ ረምዚያ፣ መኪና ሲመጣበት ቀኝህን ያዝ የተባለ ሰው ከብርሃን ጀምሮ እስኪደርስ መኪናው ይደርስበታል። ይሄ ዜማ ነው እንጂ ቋንቋ አይደለም። ዛሬ ምንም አልጽፍም። የዛሬ ሁለት ሳምንት ገደማ፣ ማክሰኞ ቀን እመለሳለሁ። ያኔ ያየሁትን እጽፋለሁ።»

ሞተሩ ከመራቁ እናኑ በአጥሩ ብቅ አለች። ፍቅርአዲስ እያለቀሰች ነው የሄደችባት።

«ማክሰኞ ድንጋይ ይዤ ልጠብቀው?»

«አብሽሪ፣ እናኑ። ሰውዬው አልዋሸም።»

«አልዋሸም? ልጄን አስለቅሶ?»

«አልዋሸም» አለች ረምዚያ።

ልጆቹ ከሄዱ በኋላ ስፌቷ ላይ ተቀመጠችና ራሷን ጠየቀች። ቁመት። አፏ ወደ ላይት ሄደ። እንደገና ሞከረች። ጭነት። አሁንም ላይት፣ ራይት፣ ታይት ብላ ነው የደረሰችበት። ሁሉም በሙጀሂድ ድምፅ ነበር የሚመጣው። ቃላቱ በእሱ ተራ ገብተዋል፤ ጭነት ጋ ለመድረስ በእሱ በኩል ማለፍ ነበረባት። ሦስት ዓመት ሙሉ እንደዚያ ስታልፍ ኖራለች፤ አላስተዋለችውም ነበር። የጀመረችውን እጅጌ ሳትጨርስ አጥፋ አስቀመጠችና ወደ አባቷ ቤት ወጣች።

ሼህ ይማም ደጃፋቸው ላይ ተቀምጠው መቃ ይቀርጻሉ። የሆነውን ነገረቻቸው። አዳመጡና ጥርሳቸውን ሳያሳዩ ሳቁ።

«አንቺ ልጅ ሳለሽ ከቁርኣኑ የያሲንን ሱራ ከየት ነበር የምጠይቅሽ?»

«ከመሃሉ።»

«ለምን?»

«ከራሱ ማንም ይጀምራል ይሉኝ ነበር።»

«ታዲያ! የቁርኣን ውድድር ላይ ዳኛው መሃሉን ይጥልልሻል፤ አንቺ ከዚያ ታነሺዋለሽ። ካላነሳሽው አልያዝሽውም ማለት ነው። ልጆቹን እስከ ግማሽ አድርሰሻቸዋል፤ ማሻአላህ። ግማሹ ቀርቷል። ሰውዬው ያለሽ ይኸንኑ ነው። ክርስቲያን ሆኖ የኔን ሥራ አስታወሰሽ።»

«እሱስ ገብቶኛል፣ አባ። ተራውን ማፍረስ ከብዶኝ ነው።»

ሼህ ይማም መቅረጽ አቆሙ። የማን ተራ እንደሆነ አልጠየቋትም። ከጉልበታቸው ላይ ስንጥሩን አራገፉ።

«ተራው ደብተሩ ላይ አለ አይደል?» አሉ። «ደብተሩን ማን ነካው?»

በማግሥቱ ረምዚያ ሥራውን ለወጠች። ዜማውን አልከለከለችም። ልጆቹ አንድ ጊዜ ከራስ እስከ ግርጌ ያወርዱታል፤ ከዚያ በኋላ ግን ጸጥ። እሷ ጨርቅ ከመርፌው ሥር ታስገባና «ጠብ! ፍቅርአዲስ!» ትላለች። መልሱ ስፌቱ ጫፍ ሳይደርስ መምጣት አለበት። መጀመሪያ ረጅም ጨርቅ ነበር፤ የቀሚስ ዙሪያ። አራተኛው ቀን ላይ ወደ ሱሪ እግር ወረደች። በሳምንቱ ኪስ ሆነ። ከኪስ አጭር ስፌት የለም፤ ልጁ ከላይት ልነሳ ቢል ሁለተኛው ቃል ላይ ኪሱ አልቆ ይጠብቀዋል።

«ቲቸር፣ ኪሱን ትንሽ አስፉልኝ!» ይላል ኸባብ።

«የደንብ ልብስ ኪስ ነው፤ የሌባ ኪስ አይደለም።»

እሷም አብራቸው ትሠራ ነበር። የሚጠየቁት ልጆቹ ይሁኑ እንጂ መልሱን በውስጧ ከእነሱ ቀድማ ለማንሳት ትጣደፋለች። በመጀመሪያዎቹ ቀናት የሙጀሂድ ድምፅ ይቀድማታል። ኋላ ኋላ ጭነት ስትል ፍሬይት ብቻውን መጣ። ትንሽ ቅር አላት። መርገጧን ግን አላቆመችም።

ሁለተኛው ሥራ የከተማው ነበር። «ሙጀሂድ ቃል የሚለቅመው ከመኪናና ከሳጥን ነበር» አለቻቸው። «እናንተም ሂዱ። አራቱን ፊደላት አንድ ላይ ያያችሁበትን ቃል ያዙልኝ።» ልጆቹ በከተማው ተበተኑ። በሲሚንቶ ከረጢት ላይ ዌይትን አገኙ፤ በባትሪ ካርቶን ላይ ላይትን አገኙ። የቆመ አይሱዙ ካለ ዙሪያውን ይዞራሉ። በሦስተኛው ቀን ባለሱቁ ምናለ ደጃፏ ድረስ መጣ።

«ወይዘሮ ረምዚያ፣ የሳሙና ካርቶኔን ሁሉ ገለበጡት እኮ! ሊሰርቁ ነው ብዬ ብደርስ፣ ያነባሉ!»

«አገኙ?»

«ምኑን?»

«ቃሉን።»

ምናለ ትንሽ አሰበ። «አንዷ አግኝቻለሁ ብላ ጮኻለች» አለ፤ ከዚያ ሳቀና ተመለሰ። አንዷ የተባለችው ፍቅርአዲስ ነበረች።

ማክሰኞ ደረሰ። አቶ ይሄነው ከሰዓት በኋላ፣ ፀሐዩ ሳይበርድ መጣ። ከዚያው ወደ ወግዲ ሊያልፍ ነውና ቦርሳው ሞልቷል። ወረቀቱን ፍለጋ ዕቃውን አንድ በአንድ እያወጣ በሩ አጠገብ ካለው የድንጋይ አጥር ላይ ደረደረው፤ የዝናብ ልብስ፣ የስልክ ቻርጀር፣ አንዲት ትንሽ የመድኃኒት ካርቶን። ወረቀቱን ሲያገኝ ሌላውን እዚያው ትቶ ገባ።

ረምዚያ ከመኪናዋ አልተነሳችም። «አልሃምዱሊላህ፣ በሰላም መጡ። ይጀምሩ፤ እኔ እየሰፋሁ ነው የምሰማው።»

«ጭነት!» አለ አቶ ይሄነው ሳይቀመጥ፣ ወደ ኋላ ረድፍ እየጠቆመ።

«ፍሬይት!»

«ጥብቅ!»

«ታይት!»

«ቁመት! አንተ፣ ያ ብልጡ!»

«ዌይት!» አለ ኸባብ።

መኪናው ጸጥ አለ። ሃያ ሁለቱም ልጆች ወደ ኸባብ ዞሩ።

«ሃይት! ሃይት! አስቸኩለውኝ ነው እኮ!» መኪናው መንቀሳቀስ ጀመረ። በዚህ ጊዜ አቶ ይሄነው ራሱ ሳቀ።

ሃያ ደቂቃ ያህል ጠየቀ። መኪናው ሌላ ሁለት ጊዜ ብቻ ቆመ። ከዚያ ወረቀቱን ጉልበቱ ላይ ዘርግቶ እስክሪብቶውን አወጣ፤ አልጻፈም። ጥያቄ እንደቀረው ፊቱ ላይ ይታያል።

«መቼም ሠርተዋል» አላት። «የሚጠየቁትን ይመልሳሉ። የቀረኝ አንድ ነገር ነው። እርስዎ ያልሰጧቸውን ቃል ከየትም ቢያዩት ያውቁታል? እሱን በምን ልይ?»

ረምዚያ ልትመልስ ስትል ከበሩ አጠገብ ካለው ጎማ ላይ እጅ ወጣ። ፍቅርአዲስ ናት። ከጀመሩ አንስቶ ዓይኗ ውጭ ውጭ ሲያይ ነበር፤ ረምዚያ አይታ ዝም ብላታለች።

«ጋሼ፣ መድኃኒትዎን ከፀሐይ ያንሡት።»

«ምን አልሽ?»

«አጥሩ ላይ ያለውን። ፀሐይ አታስነኩት ይላል።»

አቶ ይሄነው ወጥቶ ካርቶኑን አነሳ። ሞቋል። ጥላ ውስጥ ገብቶ አገላበጠው። የእናቱ የዓይን ጠብታ ነበር፤ ከደሴ አስመጥቶላቸው ነው። በጎኑ ላይ ያለውን ጽሑፍ አንብቦ ወደ ልጅቱ መጣ።

«ማን ነገረሽ?»

«ተጽፏል። አራቱ ፊደላት አሉ።» ጣቷን መስመሩ ላይ አሳረፈች። «ዱ ኖት አታድርጉ ነው፤ ትምህርት ቤት ተምረነዋል። ይኸኛውን ረጅሙን አላውቀውም። መጨረሻ ላይ ያለው ግን ላይት ነው፤ ብርሃን። ከፊቱ ሌላ ነገር ተቀጥሎበታል። ብርሃን ላይ አታድርጉ ካለ እርስዎ ፀሐይ ላይ አድርገውታል።»

ልጅቱ ይህን ስታነብ ዓይኗን አልጨፈነችም፤ አልተወዛወዘችም።

«ከፊቱ ያለው ሳን ነው» አለ አቶ ይሄነው። «ፀሐይ ማለት ነው። አንድ ላይ ሳንላይት ይባላል፤ የፀሐይ ብርሃን።» ካርቶኑን በዝናብ ልብሱ ጠቅልሎ ቦርሳው ውስጥ ከታች ከተተው። «እናቴ አንዱን ዓይኗን ብቻ ነው የምታይበት» አለ፤ ለማን እንደተናገረ አልታወቀም።

ከዚያ ተቀምጦ ጻፈ። ሲጨርስ ወረቀቱን ለረምዚያ ሰጥቶ አስነበባት። ማጠናከሪያ ትምህርት፣ እንግሊዝኛ፣ ሃያ ሦስት ተማሪ፣ ይቀጥል፤ ይላል።

«አንድ ቅድመ ሁኔታ አለኝ» አላት። «አግዳሚ ወንበር ይፈለግ። ሰው ጎማ ላይ ተቀምጦ አይማርም።»

«እሺ፣ አግዳሚው ይሠራል። ጎማው ግን አይወጣም» አለች ረምዚያ። «ትንንሾቹ እንደሆኑ ይወዱታል።»

«እኔም እወደዋለሁ!» አለ ኸባብ።

ሞተሩ ሲነሳ እናኑ አጥሩ ላይ ነበረች። ፍቅርአዲስ እየሮጠች ሄዳ ነገረቻት። «አሁን ገና ሰው ሆነ!» ስትል እስከ ውስጥ ተሰማ። «ለእናቱ እንቁላል ልላክለት እንዴ? ኧረ ጥሩት!»

ልጆቹ ሲበተኑ ረምዚያ ፍቅርአዲስን አስቀረቻት። መሳቢያውን ስባ ደብተሩን አወጣች። ልጅቱ ደብተሩን በስም እንጂ በዓይን አታውቀውም ነበር፤ ጠርዙ በመኪና ግራሶ ጠቁሯል። ረምዚያ አራቱ ፊደላት ያሉበትን ገጽ ገለጠች። ሙጀሂድ የጻፈው በሰማያዊ እስክሪብቶ ነው፤ ፊደሎቹ ወደ ቀኝ ያዘነብላሉ። የመጨረሻው ቃል ፍሬይት ነበር። በሦስቱ ዓመት ውስጥ ከዚያ በታች ማንም ምንም አልጻፈም።

«እንዴት ነበር ያለው ሰውዬው?»

«ሳንላይት።»

ረምዚያ ጨርቅ የምታሰምርበትን እስክሪብቶ አነሳች፤ ጥቁር ነው። ከፍሬይት ሥር፣ ቀጥ ባለ ጽሕፈት፣ ሳንላይትን ጻፈች፤ ከጎኑም የፀሐይ ብርሃን ብላ ጨመረች። እፍ ብላ አደረቀችው።

«ሌላም ካገኘሁ?» አለች ፍቅርአዲስ።

ረምዚያ መስመሮቹን በጣቷ ቆጠረች። «ቦታ አለ» አለቻት። «ስድስት ይቀራል።» ከዚያም ያልተጨረሰውን እጅጌ ከመርፌው ሥር አስገባች።